ሁለት አንቲቫይረስ ጭኜ ላፕቶፔ ቆመ፣ ምን ላድርግ?

ደመና ጫኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ጓደኛዬ ፍላሽ ሰጠኝና ሰካሁት። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። አንዱን ስጫነው በትክክል ተከፈተ፤ እኔም ምንም አላልኩም። በማግስቱ የራሴን ፍላሽ ስሰካ እሱም ሾርትከት ሆነ። ያኔ ደነገጥኩ። አንድ አንቲቫይረስ ነበረኝ፣ አላመንኩትም፣ ሁለተኛ ደረብኩበት። አሁን ላፕቶፑ አንድ ፎልደር ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል። በዚያ ላይ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በ13 ቫይረሶች ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ነገር በየ10 ደቂቃው ብቅ ይላል። ሦስተኛ ልጫን ወይስ ፎርማት ላድርገው?

ሰባራ ቁልፍ
ሦስተኛ? ወንድሜ፣ እባክህ እጅህን ሰብስብ። ላፕቶፑን ያቆመው ቫይረሱ ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ዘበኞችህ ናቸው የተናነቁት።

አንቲቫይረስ በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ነው። ፋይል ሊከፈት ሲል መሃል ይገባና «ቆይ፣ ልየው» ይላል። ለማየት ግን እሱም ፋይሉን መክፈት አለበት። ሁለተኛው ዘበኛ ደግሞ ያንን መክፈት ያይና «ቆይ፣ ልየው» ይላል። አንድ ፎልደር ውስጥ 400 ፎቶ ካለህ የሚሆነውን አስበው። ከዚህም አልፎ አንዱ በሌላው ሥራ ይጠራጠራል። ፋይል ሁሉ ውስጥ የሚገባ፣ ከሲስተሙ ሥር ቁጭ ያለ፣ ላጥፋህ ሲሉት እምቢ የሚል ፕሮግራም ለዘበኛ ምን ይመስላል? ቫይረስ ነዋ።

አንዱን አራግፍ። በደንቡ አራግፍ፤ ፎልደሩን ማጥፋት ማራገፍ አይደለም። ከዚያ ሪስታርት አድርገህ ንገረን።

ጡረተኛው
ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ችግሩን ለሚያውቁት ትቼ አንድ ጥያቄ ልወርውር። ቫይረስ የሚሠራ ሰው ራሱን ይደብቃል አይደል? ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ቫይረሱ ውስጥ ጽፈው የለቀቁ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። እነማን ናቸው? ጎግል ሳታደርጉ መልሱ።

ፊደል ቆጣሪ
ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሰው ተጨንቆ ፈተና ያመጣሉ 😀

ደመና ጫኝ፣ ስለ ሾርትከቱ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ፋይሎችህ አልጠፉም። ያገኘህ ነገር ዎርም ነው፣ ራሱን እየቀዳ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር ትል። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው ሾርትከት ይሠራል። ሾርትከቱን ስትጫን መጀመሪያ ትሉ ይነሳል፣ ቀጥሎ የፈለግከው ፎልደር ይከፈታል። ስለተከፈተልህ አትጠራጠርም። ተንኮሉ እሱ ነው።

የተደበቁትን ለማየት ከፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብራ። እሱ ብቻውን አይበቃም። የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይም ምልክቱን አንሳ፤ ትሉ ፎልደሮችህን የሲስተም ፋይል አስመስሏቸዋል። ግን አስቀድሞ ላፕቶፑ ይጽዳ። ትሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ፍላሹን ብታጥበው መልሶ ይበክልሃል። ከዚያ የራስህን ፎልደሮች ብቻ ቅዳ፣ ሾርትከት አትንካ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርግ። የቀዳሃቸው ደብዘዝ ብለው ቢታዩ አትደንግጥ፤ የመደበቂያው ምልክት አብሮ ተቀድቶ ነው።

ደመና ጫኝ
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። 13ቱ ቫይረስስ? እነሱ ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ።

ሰባራ ቁልፍ
ስትጫነው ወዴት ይወስድሃል? ወደ ድረ ገጽ ከሆነ 13ም የለም፣ 1ም የለም። ድረ ገጽ ከብሮውዘሩ ውጭ ያለውን ዲስክህን መፈተሽ አይችልም። የሆነ ቀን የሆነ ገጽ ላይ «ፍቀድ» የሚል ነገር ተጭነሃል። ያ ገጽ ከዚያ ወዲህ ኖቲፊኬሽን የመላክ ፈቃድ አለው። ብሮውዘርህ ቅንብር ውስጥ ግባ፣ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ፈልግ፣ የማታውቃቸውን ገጾች በሙሉ አባርር። እንዳትከፍል። «ያጽዱ» የሚለውንም እንዳትነካ።

የሌሊት ወፍ
ለጋሼ ጥያቄ፦ ብሬይን! 1986፣ ላሆር፣ ፓኪስታን። ባሲት ፋሩቅ አልቪ እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ። የሕክምና ሶፍትዌር ጽፈው ሰው እየቀዳ አስቸገራቸው፣ እኛም ያንን ለመከላከል ነው የሠራነው ብለዋል። የፍሎፒ ዲስክ ማስነሻ ክፍል ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሽልማቴን።

ጡረተኛው
ጎበዝ። ሽልማቱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ብሬይን ለአይቢኤም ፒሲ የመጀመሪያው ነው እንጂ የሁሉም በኩር አይደለም። በ1982 ሪች ስክሬንታ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ለአፕል 2 ኮምፒውተር ኤልክ ክሎነር የሚባል ቫይረስ ጽፏል። ከተበከለው ዲስክ በየ50ኛው ማስነሳት አጭር ግጥም ያሳይ ነበር። ግጥም የሚጽፍ ቫይረስ! ዛሬ ያ ጨዋነት የለም። ከዚያም በፊት በ1971 ክሪፐር ነበረ። ቦብ ቶማስ የጻፈው ሙከራ ነው፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ላይ ከማሽን ማሽን እየዞረ «ከቻልክ ያዘኝ» እያለ ይጽፋል። እሱን እያሳደደ የሚያጠፋ ሪፐር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ተጻፈ። እንግዲህ የመጀመሪያው አንቲቫይረስ የምንለው ራሱም ከማሽን ማሽን የሚዞር ነበር። ጥያቄው፦ ሪፐርን የጻፈው ሰው በሌላ ነገር ነው ዓለም የሚያውቀው። በምን?

አወያይ
ይህ የቴክኒክ እርዳታ ክፍል ነው፤ ክሩ ወደ ጠቅላላ እውቀት እየሄደ ነው። ላዛውረው? ደግሞ ለአንባቢ እንዲጠራ፦ እዚህ የምትጽፏቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊደል ቆጣሪ
አታዛውረው አቦ፣ ጥሩ ይዘናል። መልሱ ሬይ ቶምሊንሰን። ኢሜይል አድራሻ መሃል ያለችውን ያቺን የተጠቀለለች የፈረንጅ «ኤ» መሳይ ምልክት (@) ያስገባት እሱ ነው።

ጉድ ባይ
ሁላችሁም የማትናገሩትን እኔ ልናገር። ቫይረሱን የሚሠሩት አንቲቫይረስ ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው። ጠበቃም ተከሳሽም። ካልሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ገንዘብ ኖሯቸው መቶ በመቶ የሚይዝ ለምን አልሠሩም?

ሰባራ ቁልፍ
ይህን ወሬ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ቫይረስ የሚጽፍ ሰው ሻጭ እስኪቀጥረው አይጠብቅም፣ የራሱ ገበያ አለው። በ1989 ጆሴፍ ፖፕ የሚባል ሰው ስለ ኤድስ መረጃ የያዘ ነው ብሎ ወደ 20,000 ፍሎፒ በፖስታ ላከ። ኮምፒውተሩ 90 ጊዜ ያህል ከተነሳ በኋላ የፋይሎቹን ስም ይቆልፍና 189 ዶላር ፓናማ ወዳለ የፖስታ ሣጥን ላኩ ይላል። በፖስታ! የቆለፈው ስማቸውን ነው እንጂ ውስጣቸውን አልነበረም፤ ስለዚህ መፍቻው ቶሎ ተሠራ። የዛሬዎቹ ራንሰምዌሮች፣ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት፣ ውስጡን ነው የሚቆልፉት። ባክአፕ ከሌለህ አበቃ።

ፊደል ቆጣሪ
ጉድ ባይ፣ «መቶ በመቶ ለምን አልሠሩም» ላልከው ግን መልሱ ከዚህ ይጣፍጣል። ገንዘብ አይደለም። አይቻልም። ፍሬድ ኮሄን የሚባል ተመራማሪ በ1980ዎቹ አረጋግጦ አስቀምጦታል። ትንሽ ታገሠኝ።

ፍጹም የሆነ አንቲቫይረስ አለ እንበል። ስሙ ዳኛ ይሁን። ማንኛውንም ፕሮግራም ስታሳየው «ቫይረስ ነው» ወይም «አይደለም» ይላል፣ አንድም ጊዜ አይሳሳትም። አሁን እኔ ተንኮለኛ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ዳኛን እንዳለ ሆዱ ውስጥ እከተዋለሁ። ፕሮግራሜ ሲነሳ መጀመሪያ ዳኛን ስለ ራሱ ይጠይቀዋል፦ «እኔ ቫይረስ ነኝ?»

ዳኛ «ነህ» ካለ ፕሮግራሜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አይባዛም፣ ማንንም አይነካም። የማይባዛ ነገር ቫይረስ አይደለም። ዳኛ ተሳሳተ።

ዳኛ «አይደለህም» ካለ ፕሮግራሜ ያኔውኑ መባዛት ይጀምራል። ዳኛ አሁንም ተሳሳተ።

የትኛውንም ቢል ይወድቃል። እንዲህ ያለ ዳኛ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ቢፈጥን፣ ሚሞሪው ቢበዛ ለውጥ የለውም። የነገሩ ሥር ወደ አላን ቱሪንግ ይሄዳል። በ1936፣ ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተር ሳይኖር፣ አንድ ፕሮግራም ይቆማል ወይስ ለዘላለም ይሮጣል የሚለውን ለሁሉም የሚመልስ ዘዴ እንደሌለ አሳይቷል።

የሌሊት ወፍ
ሁለቴ አነበብኩት። ጭንቅላቴ ዞረ፣ ግን ገባኝ።

ጡረተኛው
ጥሩ አስረዳሽ ልጄ። እኔ ጌጥ ልጨምርበት። ኮሄን በ1983 ሙከራውን ሲያሳይ «ቫይረስ» የሚለውን ስም ያመጣለት መምህሩ ሌናርድ አድልማን ነው። አርኤስኤ የሚባለው ምስጢራዊ መቆለፊያ ላይ ያለችው «ኤ» እሱ ነው። በ1994 ደግሞ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ዲኤንኤ ተጠቅሞ የሒሳብ እንቆቅልሽ ፈታ። አንዳንድ ሰው አንድ ዕድሜ አይበቃውም።

ጉድ ባይ
እሺ ተሸነፍኩ። ግን እንዲያ ከሆነ ለምን እንጭነዋለን? የማይቻል ነገር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይደለም?

ሰባራ ቁልፍ
ሁሉንም መያዝ አይቻልም ማለት አብዛኛውን መያዝ አይቻልም ማለት አይደለም። ቁልፍም በር ላይ የምታደርገው ሌባ ሁሉ አቅቶት አይደለም።

ዘበኛው ሦስት ነገር ያያል። አንደኛ አሻራ፤ ከዚህ ቀደም የተያዘ ቫይረስ ምልክት ካለበት ወዲያው ይይዘዋል። ለዚህ ነው አፕዴት የሌለው አንቲቫይረስ የድሮ ፎቶ ይዞ ሌባ እንደሚፈልግ ዘበኛ የሚሆነው። ሁለተኛ አመል፤ የማያውቀው ፕሮግራም በአንድ ደቂቃ 500 ፋይል መቆለፍ ቢጀምር ስሙን ባያውቀውም አንቆ ይይዘዋል። ሦስተኛ አጥር ግቢ፤ አጠራጣሪውን በተከለለ ቦታ ውስጥ ያስነሳና ምን እንደሚያደርግ ያያል። ይህን የሚያውቁ ቫይረሶች ደግሞ የሚታዩ ሲመስላቸው ተኝተው ይጠብቃሉ። የድመትና የአይጥ ነገር ነው።

አንቲቫይረስህ መንቃቱን መፈተሽ ብትፈልግ እውነተኛ ቫይረስ አትፈልግ (የፈለገ ሰው አይቻለሁ፣ አገኘም)። ኤይካር የሚባል 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ያለው መሞከሪያ ፋይል አለ። ምንም አያደርግም። ግን አንቲቫይረሶች እንዲጮኹበት ተስማምተውበታል።

የሌሊት ወፍ
አንድ ነገር ግን አይገባኝም። ካገኘው ለምን ዝም ብሎ አያጠፋውም? ለይቶ ማቆያ ምናምን እያለ ያከማቸዋል።

ፊደል ቆጣሪ
ሊሳሳት ስለሚችል። ከላይ እንዳልኩት ዳኛ ፍጹም አይደለም። ሚያዝያ 2010 ላይ የአንቲቫይረስ ሻጩ ማክአፊ ባወጣው አንድ አፕዴት ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የሚገኝን ዋና የሲስተም ፋይል ቫይረስ ብሎ ያዘ። ፋይሉ ሲታገድ ኮምፒውተሮቹ እየተዘጉ እየተነሱ ቀሩ። ለይቶ ማቆያ ውስጥ ፋይሉ እንዳይነሳ ታስሮ ይቀመጣል፤ ስህተት ከሆነ ትመልሰዋለህ።

ጡረተኛው
ደስ የሚለኝ ቃል መጣ። የፈረንጆቹ «ኳራንቲን» ከጣልያንኛው «ኳራንታ» ነው፣ አርባ ማለት። በወረርሽኝ ዘመን ቬኒስ የሚደርሱ መርከቦች 40 ቀን ይቆዩ ነበር። ከእነሱ የቀደመችው ራጉሳ ናት፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፤ በ1377 ከታመመ አገር የመጣ 30 ቀን ይቆይ ብላ ደነገገች። ኮምፒውተሩ ሐኪም ቤት ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ ወስዷል። «ቫይረስ» ራሱ በላቲን መርዝ ነው።

የሌሊት ወፍ
ትሮጃን የሚባለው፣ ደህና ፕሮግራም መስሎ የሚገባውስ? የስሙን ምንጭ እኔ አውቃለሁ። ሆሜር ኢሊያድ ላይ የጻፈው የእንጨት ፈረስ።

ጡረተኛው
እዚህ ላይ ያዝኩህ! ኢሊያድ የሚያበቃው በሄክቶር ቀብር ነው፤ ፈረሱ ገና አልመጣም። ኦዲሴ ውስጥ ይነሳል፤ በሰፊው የሚተርከው ግን ሮማዊው ቨርጂል ነው። ደግሞ ስሙ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ፈረሱን ሠርተው ሆዱ ውስጥ ወታደር የደበቁት ግሪኮች ናቸው። ትሮጃኖቹ ጎትተው ወደ ከተማቸው ያስገቡት ምስኪኖች ናቸው። ስሙ ግን ለእነሱ ቀረ።

ፊደል ቆጣሪ
ስለዚህ «ትሮጃን ያዘኝ» ሲባል በደንብ ካሰብነው «እኔው ነኝ ጎትቼ ያስገባሁት» ማለት ነው። በግንቦት 2000 የተሰራጨው አይላቭዩ እንዲህ ነበር። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል ይመጣል። ፋይሉ ስሙ ላይ የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ (ከነጥብ በኋላ የፋይሉን ዓይነት የሚናገር) አለው፣ ከዚያ ኋላ ግን ስክሪፕት መሆኑን የሚናገር ሁለተኛ ቅጥያ። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ስለሚደብቅ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደብዳቤ ነው ብሎ ይከፍታል። አንዴ ከተነሳ ከአድራሻ ደብተር ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይላካል። የመጣው ከፊሊፒንስ ነው፣ ግን በዚያን ጊዜ እዚያ ለዚህ የሚሆን ሕግ ስላልነበረ ክሱ ተቋረጠ። ሕጉ የወጣው ከስርጭቱ በኋላ በሰኔ ነው።

ደመና ጫኝ፣ ቅጥያ አሳይ የሚለውንም አብራው፣ እዚያው ፎልደር አማራጮች ውስጥ ነው።

ጉድ ባይ
እኔ አፕዴት አጥፍቻለሁ። ሐምሌ 2024 ያየነውን አየን። የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያው ክራውድስትራይክ አንድ የተበላሸ አፕዴት ልኮ ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆመ። አውሮፕላን ሁሉ ቀረ። ዘበኛው ራሱ ቤቱን አቃጠለ።

ሰባራ ቁልፍ
እውነት ነው፣ ያሳዝናል። ዘበኛው ከሲስተሙ እምብርት ላይ ስለሚቀመጥ እሱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። ግን የሌላውን ወገን ሂሳብም ቁጠር። ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያዳርስ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት መጋቢት 14 ቀን ደፍኖት ነበር። 59 ቀን። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ የሰረዙት መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳይሆን ሳይዋጥ ቀርቶ ነው። እኔ ብሆን አንድ መጥፎ አፕዴት ይምጣብኝ፣ 59 ቀን ክፍት በር ከማሳድር።

ጉድ ባይ
እሺ አንተ። ማታ አበራዋለሁ።

የሌሊት ወፍ
ስልክ ላይስ አንቲቫይረስ ያስፈልጋል?

ፊደል ቆጣሪ
ባጭሩ፦ ስልክ ላይ እያንዳንዱ አፕ በየክፍሉ ተቆልፎ ነው የሚኖረው። አንቲቫይረስ የሚባለው አፕም እንደዚያው፤ የጎረቤቱን ክፍል ገብቶ መፈተሽ አይችልም፣ አይፎን ላይ ጭራሽ። ከኦፊሴላዊው መደብር ውጭ አፕ አትጫን፣ የባትሪ መብራት የሚሆን አፕ የመልእክቶችህን ፈቃድ ከጠየቀህ አባርረው።

ደመና ጫኝ
ተመለስኩ ጎበዝ! መረጃ ልስጣችሁ።

ኖቲፊኬሽኑ እንዳላችሁት ነው። ፊልም የማይበት አንድ ገጽ ነበር፣ ፈቃድ ሰጥቼዋለሁ። አነሳሁት፣ 13ቱ ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ሞቱ። ከሁለቱ አንቲቫይረሶች አንዱን ሳራግፍ ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። በቀረው ሙሉ ስካን አደረግኩ፣ ትሉን ከጅማሬ ፕሮግራሞች መሃል አገኘውና ለይቶ ማቆያ ከተተው። ፎልደሮቼም ተገኙ። ደብዝዘው ነበር፣ ግን አሉ! ፍላሹን ፎርማት አድርጌ ለጓደኛዬ መለስኩለት፤ ያንተም ላፕቶፕ ታሟል ብለው ተቀየመኝ።

አሁን ጥያቄ አለኝ። የቀረው አንቲቫይረስ የሙከራ ጊዜው አልቆ ክፈል እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር። ተናድጄ እሱንም አራገፍኩት። አሁን ያለ ዘበኛ ነኝ ማለት ነው?

ሰባራ ቁልፍ
ዊንዶውስህ ስንት ነው?

ደመና ጫኝ
11።

ሰባራ ቁልፍ
እንግዲያውስ ከመጀመሪያውም ሦስት ነበሩህ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ከ2012 ማለት ነው፣ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ አብሮ ነው የሚመጣው። ሌላ ስትጭን ራሱን ገለል ያደርጋል፤ ስታራግፍ ይመለሳል። ታች ቀኝ ጥግ ላይ ጋሻ የምትመስል ምልክት አለች። ምን ይታይባታል?

ደመና ጫኝ
ቆይ።

ደመና ጫኝ
አረንጓዴ ራይት።

ጡረተኛው
እንኳን ደስ አለህ። እንግዲህ አሁን አእምሮህ ስለተረጋጋ ጥያቄዬን መመለስ ትችላለህ፦ ክትባት ለሚለው የፈረንጆቹ «ቫክሲን» የሚለው ቃል ከየትኛው እንስሳ ስም መጣ?

ደመና ጫኝ
ጋሼ ይተዉኝ፣ መጀመሪያ ልተኛ 😀 ... ላም?